ያውቁ ኖሯል? ማታ ጓሮዎን አቋርጦ የሄደው ማን ነው?

ራያ ሮቢት ላይ ጀምበር ስትጠልቅ ከማሽላው አገዳ ክምር ሥር ሽው የሚል ፍጥረት ሁሉ አይጥ ይባላል። ብዙ ጊዜ እውነት ነው። በቀረው ጊዜ ግን ዱላ የሚያርፍበት ሌላ እንስሳ ነው፤ አንዳንዴም ሌሊቱን ሙሉ ነፍሳትና አይጥ ሲለቅም ያደረ የገበሬው ወዳጅ ነው። ዛሬ ከማጀት፣ ከጣሪያ፣ ከካብና ከዶሮ ቆጥ ሳንርቅ ማን ማን እንደሆነ እንለይ።

ያውቁ ኖሯል? ልጇን በሆዷ ከረጢት ይዛ የምታሳድግ የዱር እንስሳ በኢትዮጵያ አንድም የለችም። በመላው አፍሪካም የለችም። ካንጋሮና ዘመዶቿ ከ330 የሚበልጡ ዝርያዎች ሲሆኑ፣ ከሦስቱ ሁለቱ እጅ ያህል በአውስትራሊያና በኒው ጊኒ ዙሪያ፣ የቀሩት በአሜሪካ አህጉራት ይኖራሉ። የጥንት ዘመዶቻቸው ግን ወደ እኛም ቀርበው ነበር፤ 30 ሚሊዮን ዓመት ግድም ያስቆጠረ ቅሪተ አካላቸው ግብፅ ውስጥ በፋዩም ተገኝቷል።

በሆዱ ሳይሆን በጉንጩ ኮሮጆ ያለው አይጥ ግን አፍሪካዊ ነው። ያገኘውን እህል በጉንጩ ሞልቶ ወደ ጉድጓዱ የሚያግዘው ይህ ግዙፍ አይጥ ዛሬ የጤና ሠራተኛ ሆኗል። ታንዛኒያ ሞሮጎሮ ላይ አፖፖ የተባለው ድርጅት ያሠለጠናቸው አይጦች ከአክታ ናሙና የሳንባ ነቀርሳን በማሽተት ይለያሉ። አዲስ አበባም ከአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ጋር በሚሠራ ቤተ ሙከራ ተሰማርተዋል። አንዱ አይጥ 100 ናሙና ለመፈተሽ 20 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። ማጋዋ የተባለው ጓደኛቸው ደግሞ ካምቦዲያ ውስጥ ፈንጂ በማነፍነፍ እ.ኤ.አ. በ2020 የእንግሊዝ የወርቅ ሜዳሊያ ተሸልሟል።

ያውቁ ኖሯል? ድመትዎ ገድላ ሳትበላ ደጃፍ ላይ ጥላት የሄደችው «አይጥ» ምናልባት አይጥ አይደለችም። ጎንበስ ብለው አፍንጫዋን ይዩ። ረዝሞ የሾለና ከታችኛው ከንፈር ብዙ አልፎ የወጣ ከሆነ፣ ዓይኖቿም ከኑግ ፍሬ የማይበልጡ ከሆኑ፣ የትንሿ ጃርት ዘመድ የሆነች ነፍሳት በል ፍጥረት ናት። በጎኗ ያለው ዕጢ የሚያመነጨው ሽታ ድመትን ያስጠላታል፤ ሳትበላት የቀረችው ለዚህ ነው። ጥርሶቿ ጥቃቅንና ሹል ሹል ናቸው፤ ማዳበሪያ ከረጢት የሚቀዱ፣ ማሽላ የሚከኩ አይደሉም። ምግቧ በረሮ፣ ፌንጣ፣ ትልና ሸረሪት ነው፤ ሰውነቷ ኃይል ቶሎ ስለሚጨርስ ቀንም ሌሊትም በየጥቂት ሰዓቱ መብላት አለባት። ልጆቿን ከቦታ ቦታ ስታዛውር አንዱ የሌላውን ጭራ ሥር ነክሶ በሰልፍ ይከተሏታል፤ ይህንን ያየ ሰው እባብ መስሎት ሊደነግጥ ይችላል። በማጀትዎ ካገኟት ይተዉአት። እህልዎን አትነካም።

ዱካም ይናገራል። በአቧራ ላይ የአይጥ የፊት እግር የሚያሳርፈው 4 ጣት፣ የኋላው 5 ነው። የሹል አፏ ፍጥረት ግን ፊትም ኋላም 5 ነው።

አሁን ወደ እውነተኛው ጠላት እንምጣ። በአፍሪካ የእህል ማሳ እጅግ የሚፈራው አይጥ ባለብዙ ጡቱ ነው። የሴቷ ጡት እስከ 24 ይደርሳል፤ እርግዝናዋ 3 ሳምንት አለፍ ይላል፤ በአንድ ወሊድ 10 እና ከዚያም በላይ ልትወልድ ትችላለች። ዝናቡ ሰምሮ ሳርና እህሉ ሲበዛ ቁጥሩ በጥቂት ወራት ውስጥ የሚፈነዳው ለዚህ ነው። ያውቁ ኖሯል? ከዚህ ወገን አንዱ ዝርያ በዓለም ላይ የሚገኘው በኢትዮጵያ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የሩሲያ ተመራማሪዎችና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው አፈወርቅ በቀለ ለሳይንስ ያስተዋወቁት ሲሆን፣ ስሙም ከአዋሽ ወንዝ የተወሰደ ነው። ከአዋሽ ሸለቆ እስከ ትግራይ ይገኛል፤ ራያ በዚህ መስመር መካከል ላይ የተዘረጋ ሜዳ ነው። መልኩ ግራጫ ቡናማ፣ ሆዱ ፈዘዝ ያለ፣ ጠጉሩ ለስላሳ፣ ጭራው ከሰውነቱ ጋር የሚስተካከል ነው።

ይህ አይጥ የት እንደሚያድር ሲጠና የተገኘው ነገር እኛንም ይመለከተናል። በትግራይ ደጋ የተሠራ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት የድንጋይ እርከን በተጠጋጋበት ማሳ ላይ አይጥ በርከት እንደሚል አሳይቷል። እርከን አይሠራ ማለት አይደለም፤ አፈራችንን የያዘልን እርሱ ነው። የድንጋዩን ቀዳዳ መድፈን፣ በእርከኑ ጥግ የሚበቅለውን አረም ከአዝመራው በፊት ማንሳት፣ አገዳውን ከካብ ጋር አስጠግቶ አለመከመር ግን ከገበሬው እጅ አይወጣም። ጎተራውን ከመሬት 1 ሜትር ግድም ከፍ አድርጎ በየእግሩ ላይ ቆርቆሮን እንደ ተገለበጠ ማንቆርቆሪያ አፍ ማልበስም በብዙ አገር የተፈተነ ዘዴ ነው። አይጥ ቆርቆሮውን ጨብጦ መውጣት አይችልም።

በጠራራ ፀሐይ ሜዳ ላይ ሲሮጥ ያዩት ወፍራም፣ ጠጉረ ሻካራ፣ ጭራው አጠር ያለ አይጥ ከዚህኛው የተለየ ነው። የሳር አይጥ ነው፤ እንደ ሰው ቀን ሠርቶ ሌሊት ስለሚያርፍ የእንቅልፍና የዓይን ተመራማሪዎች በቤተ ሙከራ ያረቡታል። በሳሩ ውስጥ የሚሠራት ጠባብ የእግር መንገድ በዓይን ትታያለች።

ጣሪያ ላይ የሚሯሯጠው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጥቁር አይጥ የሚባለው መጤ ነው፤ ከእስያ ተነስቶ በመርከብና በጭነት ዓለምን አዳርሷል። ጆሮው ትልቅ፣ ጭራው ከሰውነቱ የሚረዝም፣ ገመድና ሽቦ ላይ የሚራመድ ነው። የቤቷ ትንሽ አይጥ ከዚህ በብዙ ታንሳለች፤ የእርሳስ ውፍረት ባላት ቀዳዳ ሁሉ ትገባለች።

ያውቁ ኖሯል? ጀርባዋ እሾኻማ የሆነች አይጥም አለች። በኢትዮጵያ ቆላማ ድንጋያማ ቦታዎች ትኖራለች። ከያዟት ቆዳዋ ከእጅዎ ላይ ተገፎ ይቀራል፤ እርሷም ታመልጣለች። የሚያስደንቀው ከዚያ በኋላ ነው፤ የተገፈፈው ቆዳ ከነጠጉሩ ተመልሶ ይበቅላል፣ ጠባሳም ብዙም አይተውም። በኬንያ ዝርያዎች ላይ የተደረገው ይህ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2012 ኔቸር በተባለው መጽሔት ከወጣ ወዲህ የሰውን ቁስል ያለ ጠባሳ ማዳን የሚሹ ሐኪሞች ይህችን አይጥ በጽኑ እየመረመሯት ነው።

ከጣሪያ በታች ጥቁር ፍሬ ፍሬ ኩስ ቢያገኙ የአይጥ ነው ብለው አይደምድሙ። በእንጨት ጫፍ ጫን ያድርጉት። የአይጥ ኩስ ጠንካራ ነው፤ የሌሊት ወፍ ኩስ ግን ወዲያው ይፈረካከሳል፣ ውስጡም የሚያብረቀርቅ የነፍሳት ክንፍና ቅርፊት ስብርባሪ ይታያል። በእጅዎ አይንኩት፣ አቧራውንም አይሳቡ። ይህን ፈተና ማንም ሰው በቤቱ ሊሠራው ይችላል፤ ከመርዝ ወጪም ያድናል፤ ምክንያቱም የሌሊት ወፍ የእህል መርዝ አትበላም።

የሌሊት ወፍ በእውነት የምትበር ብቸኛዋ ጡት አጥቢ ናት። በዓለም ላይ ከ1,400 የሚበልጡ ዝርያዎች አሏት። ነፍሳት በል የሆነችው በአንድ ሌሊት የክብደቷን ግማሽ የሚያህል ትንኝ፣ የእሳት ራትና ጥንዚዛ ልትጨርስ ትችላለች። የማሽላ አገዳ የሚቦረቡረው ትል ሲያድግ የሚሆነው የእሳት ራት ነው፤ ስለዚህ በሮቢት ቆርቆሮ ሥር የምታድር የሌሊት ወፍ ለማን እንደምትሠራ መገመት አያቅትም። አብዛኞቹ ዝርያዎች በዓመት የሚወልዱት አንድ ልጅ ብቻ ነው። አንዴ በጭስ የተጨረሰ መንጋ ቶሎ አይተካም። ቤት ውስጥ ከገባችብዎ መብራት ያጥፉ፣ በርና መስኮት ይክፈቱ፣ ትወጣለች። መሬት ላይ የወደቀችውን ግን በባዶ እጅ አያንሱ።

ወደ ዶሮ ቆጡ እንሂድ። እዚያ የሚጠረጠሩት አራት ናቸው፤ ሁሉም ግን በአንድ ስም ሲረገሙ እንሰማለን።

ሸለምጥማጥ ቀጭንና ረጅም ናት፤ ነጠብጣብ አላት፤ ጭራዋ ሰውነቷን ያህላል፣ ከሥር እስከ ጫፍም በጥቁር ቀለበት የተከበበ ነው። ክብደቷ 2 ኪሎ ግራም ግድም ነው። ጥፍሯን እንደ ድመት ስለምትስብ ግድግዳና ዛፍ ትወጣለች። ያውቁ ኖሯል? ከነጠብጣብ ይልቅ በጀርባዋ ላይ ቁመታም መስመሮች ያሏት ሌላ ሸለምጥማጥ አለች፤ መኖሪያዋ ኢትዮጵያና የቀንዱ አጎራባች አገሮች ብቻ ናቸው። ለሳይንስ ያስመዘገባት በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አገራችንን ያቋረጠው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው፤ ጭላዳንና ዋልያንም ያስመዘገበ እርሱ ነው። እስከ ዛሬ በጣም ጥቂት ከተጠኑት የአፍሪካ ትናንሽ ሥጋ በሎች አንዷ ናት። በጓሮው ያየ ሰው ፎቶ ቢያነሳት ለተመራማሪዎች ትልቅ ነገር ነው።

ጥርኝ ከእርሷ በብዙ ይገዝፋል፤ እስከ 20 ኪሎ ግራም ይደርሳል። እግሩ ጥቁር፣ ዓይኑ ዙሪያ ጥቁር ጭምብል፣ ጀርባው ላይ ሲቆጣ የሚቆም ጎፈር አለው፤ ዛፍ መውጣት ግን ብዙም አያውቅበትም። ዝባድ የሚገኝበት ይኸው እንስሳ ነው፤ ለዓለም የሽቶ ገበያ ዝባድ በማቅረብ ኢትዮጵያ ከማንም አገር ትቀድማለች። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ስለሚጸዳዳ በፍራፍሬ ዘርና በነፍሳት ቅርፊት የተሞላ የኩስ ክምር ካገኙ የጥርኝ መንደር ውስጥ ነዎት። ዶሮ ይሰርቃል፣ አዎ። ነገር ግን አይጥ፣ እባብና ሌላው አውሬ የሚሸሸውን መርዛም ሺህ እግር ሳይቀር ይበላል።

ፋሮ አፈ ሹል፣ አጭር እግር፣ ወደ መሬት ዝቅ ብሎ የሚሮጥ ነው። ማታ ብቻውን የሚዞረውና የጭራው ጫፍ ነጭ የሆነው ትልቁ ፋሮ ዋና ምግቡ ምስጥና ጥንዚዛ ነው። አንዳንድ ፋሮዎች እንቁላልን በኋላ እግራቸው መካከል ወደ ድንጋይ ወርውረው ይሰብራሉ። የግብፅ ፋሮ የሚባለው፣ በአገራችንም የሚኖረው ዝርያ የእባብ መርዝ ጡንቻው ላይ እንዳይጣበቅ የሚያደርግ የተለየ የሰውነት አሠራር እንዳለው በጥናት ተረጋግጧል። እባብ ያለበት ሰፈር ፋሮን ባያባርር ይሻለዋል።

አራተኛዋ የዱር ድመት ናት። ከቤት ድመት የምትለየው እግሯ ረዘም በማለቱና የጆሮዋ ጀርባ ቀላ በማለቱ ነው። በዓለም ያሉ የቤት ድመቶች ሁሉ የዚህች ዘር መሆናቸውን እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ የዘረ መል ጥናት አሳይቷል።

ለአራቱም መፍትሔው አንድ ነው፦ ዶሮዎቹን ሳይመሽ ማስገባት፣ የቆጡን በር በወንፊት ሽቦ መዝጋት፣ ከሥሩም ድንጋይ መደርደር።

ጃርት ሲባል ሁለት እንስሳ ይደባለቃል። ትልቁ፣ በቆሎና ድንች የሚቆፍረው፣ የአፍሪካ ትልቁ አይጥ ወገን ነው፤ 20 ኪሎ ግራም ያልፋል። እሾኹን አይወረውርም፤ ወደ ኋላ ሮጦ ይወጋል፤ እሾኹም በቀላሉ ስለሚነቀል በጠላቱ ገላ ላይ ይቀራል። በዋሻው ደጃፍ የተጋጠ አጥንት የሚገኘው ጥርሱን ለመሞረድና ካልሲየም ለማግኘት ስለሚያኝክ ነው። ትንሿ ግን ኪሎ ግራም እንኳ አትሞላም፣ ሲነኳት ኳስ ትሆናለች፣ እሾዃም አይነቀልም። የአይጥ ወገንም አይደለችም፤ የዚያች ሹል አፍ ፍጥረት ዘመድ ናት። ጥንዚዛ፣ ፌንጣና ጊንጥ ትበላለች። ከቆላ አገር ዝርያዎቿ አንዷ በሳይንስ ስሟ የኢትዮጵያን ስም ተሸክማለች፤ ሰሃራንና ዓረቢያን ያካለለ ሰፊ ግዛት አላት። ትልቁ በበደለው በደል ትንሿን የሚገድል ሰው ያሳዝነኛል።

ያውቁ ኖሯል? ሽኮኮ የጥንቸል ዘመድ አይደለም። በሕይወት ካሉት እንስሳት ከቅርብ ዘመዶቹ አንዱ ዝሆን ነው። እርግዝናው 7 ወር ያልፋል፤ ለ4 ኪሎ እንስሳ ይህ እጅግ ረጅም ነው። የእግሩ መርገጫ እርጥብና ለስላሳ ስለሆነ ቀጥ ባለ ቋጥኝ ላይ ይጣበቃል። የሰውነቱን ሙቀት በራሱ በደንብ መቆጣጠር ስለማይችል ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ይሞቃል። ከራያ ሜዳ በስተ ምሥራቅ እንደ ዞብል፣ በስተ ምዕራብም እንደ ደጋው ግድግዳ ያለ ገደላማ ስፍራ ዓይነተኛ መኖሪያው ነው። አንድ ነገር ግን ይወቁ። ቁንጭር የሚባለውን የቆዳ ቁስል የሚያመጣው ተሕዋስ በሽኮኮ ሰውነት ውስጥ ይቆያል፤ ወደ ሰው የሚያሻግረው የአሸዋ ዝንብ ነው። ሽኮኮ ከሚበዛበት ቋጥኝ አጠገብ የሚተኛ ሰው አጎበር ይጠቀም። ለወራት አልድን ያለ የፊት ቁስል ያለበትም ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለዚህ ሕክምና የታወቀ ነው።

በቆላ ግራር ላይ ሌሊት ባትሪ ሲበራ ሁለት ትላልቅ ዓይኖች ካበሩ፣ ዓይኖቹም ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ከዘለሉ፣ ያ ጅኒ አይደለም። 200 ግራም ገደማ የምትመዝን የጦጣ የሩቅ ዘመድ ናት። ቀጥ ብላ ከ2 ሜትር በላይ ትዘላለች፤ የግራር ሙጫና ነፍሳት ትበላለች።

በዓለም ላይ ረጅም ዕድሜ ያለው የአይጥ ወገንም ኢትዮጵያዊ ነው። ራቁቱ ፍልፈል ከ30 ዓመት በላይ ይኖራል፤ እንደ ንብ በአንዲት ንግሥት ይተዳደራል። እ.ኤ.አ. በ1842 ለሳይንስ ሲመዘገብ ናሙናው የመጣው ከሸዋ ነው።

ባለከረጢቶቹን በጓሯቸው የሚያገኙ የራያ ልጆችም አሉ። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ የሚኖሩ ወገኖቻችን ማታ ከቆሻሻ መጣያው ጎን ነጭ ፊት፣ ጠጉር አልባ ጭራ ያለው፣ ድመት የሚያክል «አይጥ» ካዩ እርሱ ኦፖሰም ነው። 50 ጥርስ አለው። ሴቷ የምታረግዘው 2 ሳምንት ለማይሞላ ጊዜ ነው፤ ሲወለድ ግልገሉ ክብደቱ ከ1 ግራም በታች ነው፤ የቀረውን ዕድገት በከረጢቱ ውስጥ ይጨርሳል። በጣም ሲፈራ የሞተ መስሎ ይወድቃል፤ ጥቂት ቆይቶ ተነስቶ ይሄዳልና አይቅበሩት።

ሜልበርን ባሉት ወገኖቻችን ጣሪያ ላይ የሚረግጠው ደግሞ ፖሰም ነው። ጭራው ወፍራምና ጠጉራም ከሆነ አንዱ፣ ቀጭን፣ የሚጠቀለልና ጫፉ ነጭ ከሆነ ሌላው ዝርያ ነው። ሁለቱንም በቪክቶሪያ ግዛት የ1975ቱ የዱር እንስሳት ሕግ ይጠብቃቸዋል። በወጥ ቤት ውስጥ የሚታየው ሹል አፍንጫ ያለው ትንሽ «አይጥ» ደግሞ አንቴካይነስ ሊሆን ይችላል፤ ነፍሳት በል ነው። ወንዶቹ በሙሉ የመጀመሪያው የመራቢያ ወቅታቸው እንዳለቀ ይሞታሉ። እዚያም መለያው እንደ ሮቢት ያው ነው፦ መጀመሪያ አፍንጫ፣ ቀጥሎ ጭራ።

ያውቁ ኖሯል? በገበያ ከሚሸጡት የአይጥ መርዞች አንዱ የሆነው ዚንክ ፎስፋይድ በሆድ ውስጥ ወደ መርዛም ጋዝ ይለወጣል፤ ማርከሻ መድኃኒትም የለውም። ዶሮም፣ ውሻም፣ ሕፃንም አይለይም። ገድ የለሽ እየተባለች የምትባረረው ጉጉት ግን ጥንድ ሆና ጫጩቶቿን ስታሳድግ በዓመት ከ1,000 የሚበልጥ አይጥ ታጠፋለች፤ ክፍያም አትጠይቅም።

የዱር እንስሳ ከነከሰዎ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ያጥቡ፤ ከዚያ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል፤ ክትባቱ የሚያድነው ከዚያ በፊት ነው።

የአገራችን የዱር እንስሳት ሕግ ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። እንግዲህ የማያውቁት እንስሳ ጓሮዎ ከገባ ዱላውን ከማንሳትዎ በፊት ስልክዎን ያንሱ። አፍንጫው፣ ጭራውና እግሩ በደንብ የሚታይበት ፎቶ አንስተው ለቀበሌዎ የግብርና ባለሙያ ወይም ለወልድያ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕይወት መምህራን ያሳዩ።